ከመሬት ከፍ ለተደረገ መኪና ቀጥሎ ስለሚያስፈልገው ሥራ

በወሎ ምዕራብ በኩል ያለው ደጋ፤ ማለት ለጋምቦ፤ ሳይንትና ቦረና፤ በብዙ ስፍራ ከ2500 ሜትር በላይ የሆነ፤ በለጋምቦም ከ3000 ሜትር የሚያልፍ፤ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተቆራረጠ አገር ነው። በክረምት ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ጎማ ይይዛል፤ በበጋም ድንጋዩ የመኪናውን ሆድ ይመታል። ስለዚህ ለእርሻ፤ ለጤናና ለአስተዳደር ሥራ የሚዞሩትን ላንድ ክሩዘርንና ሃይሉክስን የመሳሰሉ መኪናዎች፤ ረዘም ባለ ሞላ ወይም በተጠናከረ ባሌስትራ ከመሬት ከፍ ማድረግ በብዙ ባለንብረቶች ዘንድ የሚፈለግ ነገር ነው።

ነገር ግን መኪናን ከፍ ማድረግ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። አካሉ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል እንኳ መሪው፤ ፍሬኑ፤ ኃይል አስተላላፊው ዘንግና መብራቱ ሁሉ ከቀድሞ ልካቸው ይወጣሉ። የቀረውም ገንዘብ በመልካም ተራ ካልወጣ፤ ለጭቃና ለድንጋይ ታስቦ የተደከመበት መኪና በቁልቁለት ላይ ሰው የሚፈጅ ይሆናል።

በዚህ አገር ከባድ ነገርን ለማንቀሳቀስ አስቀድሞ ማሰናዳት እንደሚያስፈልግ ታሪክም ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ. ም. ወደ መቅደላ ባስጓዙ ጊዜ፤ በጂዳና በበሽሎ ሸለቆ ያለፈው አስቀድሞ መንገድ እየተጠረገለት ነው። ጭነቱና መንገዱ በአንድነት ታስበው ነበር። ለመኪናም ደንቡ ይኸው ነው።

ከሁሉ በፊት ከፍታው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ሞላው ወይም ባሌስትራው ሲረዝም ከፍ የሚለው ሻንሲውና አካሉ ነው። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ጠንካራ አክስልና በመካከሉ ያለው ዲፈረንሻል ግን ከነበሩበት አይነሡም፤ እነርሱን የሚያነሣቸው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው፤ እርሱም በግማሹ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 80 ሳንቲ ሜትር የነበረ ጎማ በ85 ቢለወጥ፤ ዲፈረንሻሉ ከድንጋዩ የሚርቀው በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። እንግዲህ ቀሪው ሥራ በሚከተለው ተራ ቢታሰብ መልካም ነው።

1ኛ፤ መሪ። የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ እንደ ቢስክሌት ሹካ ጥቂት ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ መሪውን ቀጥ የሚያደርገው ይህ ዝንባሌ ነው። የፊቱ አክስል በሞላ በቆመ መኪና ላይ ከፍታው ሲጨመር አክስሉ ይዞርና ዝንባሌው ይቀንሳል፤ መኪናው ይዋልላል፤ ከታጠፈም በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም። አክስሉንም በአግድም የሚይዘው ዘንግ ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ስለዚህ ማስተካከያው ጎማ ሳይገዛ በፊት ይደረግ። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱበት እንደ ሃይሉክስ ባለው መኪና ደግሞ፤ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ማንሣት የዘንጎቹን መጋጠሚያ ቶሎ ይጨርሳል።

2ኛ፤ ፍሬን። አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩ መመርመርና ካጠሩም በረጃጅሞች መለወጥ ያስፈልጋል። በብዙ ፒክ አፕ መኪናዎች ከኋላው አክስል ጋር የተያያዘ የፍሬን መመጠኛ አለ፤ ጀርባው ከፍ ሲል ጭነት የወረደ መስሎት ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ኃይል ይቀንሳል። ይህ መመጠኛ እንደ አዲሱ ከፍታ ይስተካከል። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት እየሳበ በቀላሉ የሚፈላ ስለሚሆን በየ2 ዓመቱ ይለወጥ። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ለሚወርድ መኪና ከዚህ የሚቀድም ወጪ የለም።

3ኛ፤ ጎማና ማርሽ። ጎማው ከ80 ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ የፍጥነት መቁጠሪያው 60 ቢያሳይ መኪናው የሚሄደው ወደ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ማርሹ ሁሉ በዚያው መጠን ይከብዳል። በ3000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ በዚህ ላይ ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት በዳገት ይደክማል፤ በቁልቁለትም መኪናውን በማርሽ ይዞ የማውረድ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ወይ ጎማው በልኩ ይሁን፤ ወይ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ምጣኔ ከጎማው ጋር አብሮ ይለወጥ።

4ኛ፤ ጭነት። ከፍታ የመኪናውን የመሸከም መብት አይጨምርም፤ ፋብሪካው የወሰነው ክብደት እንደ ተወሰነ ይኖራል። 5 ሰዎች 350 ኪሎ፤ 90 ሊትር ናፍጣ 75 ኪሎ፤ የብረት ፓራውልትና በገመድ መጎተቻ መሣሪያ 100 ኪሎ ያህል ቢመዝኑ፤ ዘርና ማዳበሪያ ሳይጫን ከ5 ኩንታል በላይ ተያዘ ማለት ነው። ሞላና ባሌስትራም የሚመረጠው በዚህ ዘወትር በሚጫነው ክብደት ልክ ነው።

5ኛ፤ መገልበጥ። በጎማዎቹ መካከል 150 ሳንቲ ሜትር ያለው መኪና የክብደቱ ማእከል ከ75 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ፤ በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ የሚበቃው ኃይል ከመቶ 6 እጅ ያህል ያንሳል። በፖርቶመጋላ ላይ ኩንታል መጫን ይህን ጉዳት ያብሰዋል። ከባዱ ዕቃ ከታች፤ ቀላሉ ከላይ ይሁን።

6ኛ፤ መብራትና ብሎን። የፊት መብራቱ ከቀድሞው ከፍ ስለሚል ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል፤ ዝቅ ተደርጎ ይስተካከል። የተፈቱትም ብሎኖች ሁሉ ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደ ገና ይጥበቁ።

እንግዲህ ገንዘብ እንዲወጣ የሚፈቅድ ሹም ወይም ባለንብረት፤ መካኒኩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መሪው ተለክቷልን? ፍሬኑ በሙሉ ጭነት በቁልቁለት ተፈትኗልን? መኪናው ዕቃውንና ሰውን ይዞ በሚዛን ተመዝኗልን? የሦስቱም መልስ በጽሑፍ ከመኪናው መዝገብ ጋር ይያያዝ። ፓራውልት፤ ተጨማሪ መብራትና ሌላው ለዓይን የሚያምር ዕቃ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ከክረምት በፊት ለገበሬው ዘር ማድረስ ያለበት መኪና፤ ጭቃውን ለማለፍ መቻሉ ብቻ አይበቃውም፤ ቁልቁለቱን ወርዶ በደኅና መመለስ አለበት።