አሸዋው ላይ የቀረው ሽታ

የነፍሳት ተመራማሪው ዣን-አንሪ ፋብር ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ሴሪኛን በምትባል መንደር ይኖር ነበር። አንድ የግንቦት ጠዋት ከድሯ የወጣችን ትልቅ ሴት የእሳት እራት በሽቦ ወንፊት ከድኖ አስቀመጣት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ትንሹ ልጁ እየጮኸ ጠራው። ሻማ ይዘው ሲገቡ 40 ያህል ወንድ የእሳት እራቶች በሴቷ ዙሪያ ይርመሰመሳሉ። በ8 ምሽቶች ውስጥ 150 ያህል መጡ፤ ያውም ዝርያው ብርቅ በሆነበት አገር።

ማን ጠራቸው? ፋብር ሽታ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ፤ ነገር ግን የሰው አፍንጫ ምንም አላገኘም። ክፍሉን በናፍታሌን ሽታ ሞላው፤ ወንዶቹ መንገዳቸውን አልሳቱም።

መልሱ በሌላ ዝርያ ላይ ተገኘ። ፋብር ሴቷን በተከደነ ብርጭቆ አድርጎ በግልጽ በምትታይበት መስኮት ላይ አኖራት። ያደረችበትን አሸዋ የያዘውን ሳህን ደግሞ ከክፍሉ ወዲያ ጥግ ተወው። ወንዶቹ በመስኮቱ ገቡ፣ ሴቷን አልፈዋት ሄዱ፣ ባዶውን አሸዋ ከበቡት። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ሳህን ነው፤ ሴቷ የሌለችበት፣ ሽታዋ ብቻ የቀረበት የመጀመሪያው ወጥመድ።

ሽታው ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ግን ሌላ ሰው አስፈለገ። አዶልፍ ቡተናንት በጾታ ሆርሞን ጥናቱ የ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ጀርመናዊ ነው። እሱና ባልደረቦቹ የሐር ትልን መረጡ፤ በብዛት ይረባልና። ከ20 ዓመት ገደማ ልፋት በኋላ፣ ከግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴት የእሳት እራቶች እጢ የወጣው ንጹሕ ነገር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ሆነ። የሚፈትኑት ቀላል በሆነ መንገድ ነበር፦ የብርጭቆ ዘንግ ጭማቂው ውስጥ ነክረው ወደ ወንዱ ያስጠጋሉ። ክንፉን ካርገበገበ የሚፈልጉት ነገር እዚያ አለ፤ ዝም ካለ የለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ቦምቢኮል ብለው ይፋ አደረጉት። ለእንዲህ ያለው ሽታ «ፌሮሞን» የሚለው ስያሜም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ ወዲህ ኬሚስቶች የብዙ ተባዮችን ሽታ ቀመሩ። ከነዚህ አንዱ የኛን ጽጌረዳ አምራቾች እንቅልፍ የሚነሳው ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የተባለው የእሳት እራት ነው። ዝዋይ፣ ሆለታና ሰበታ የሚበቅለው ጽጌረዳ ብዙው ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ይህን ተባይ ወደ ግዛቱ እንዳይገቡ ከከለከላቸው ተባዮች ውስጥ አስገብቶታል፤ ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ጽጌረዳ ላይ መስፈርቱን አጥብቋል። በአንዲት እምቡጥ ውስጥ አንዲት ትል ከተገኘች ጭነቱ አደጋ ላይ ነው።

ግሪን ሃውስ ውስጥ የሚሰቀለው ወጥመድ የጎጆ ጣሪያ የመሰለ ሲሆን ወለሉ ሙጫ ነው። መሐሉ ላይ ሽታውን ያዘለች ትንሽ ጎማ ትቀመጣለች። የተያዙትን የምትቆጥረው ሠራተኛ በየሳምንቱ ወለሉን ስባ አውጥታ በአጉሊ መነጽር ታያለች። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ሙጫው የተያዘውን የእሳት እራት የክንፍ ዱቄት ይገፍፋል፣ ሌሎች ቡናማ የእሳት እራቶችም ተጣብቀው ይገኛሉ። ጎማዋ በጊዜዋ ካልተለወጠች ሽታዋ ይደክማል፤ ወጥመዱም ባዶ ሆኖ ያታልላል።

ብዙዎች ወጥመዱ ተባዩን የሚጨርስ ይመስላቸዋል። የሚይዘው ግን ወንዶቹን ብቻ ነው፤ እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ደግሞ አትመጣም። የወጥመዱ ጥቅም ጊዜውን በመናገሩ ነው። የተያዙት ወንዶች ቁጥር ከፍ ካለ እንቁላል እየተጣለ ነው ማለት ነው፤ ትሏም ከተፈለፈለች በኋላ እምቡጡን በስታ እስክትገባ ብዙ አትቆይም። ከገባች ደግሞ ርጭቱ እምብዛም አይደርስባትም። ስለዚህ ቆጣሪዋ ቁጥሩን መዝግባ ወዲያው ለእርሻው ኃላፊ ታሳውቃለች፤ ሠራተኞቹም እምቡጥ እየሰነጠቁ ትል መፈለግ የሚጀምሩት በዚያው ዕለት ነው።