አራት የሕይወት ነጥብ ያለው ሰው

በጠረጴዛ ዙሪያ አራት ወይም አምስት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አንዱ ተዋጊ፣ ሌላው አስማተኛ፣ ሦስተኛው ሌባ ነው። ተራኪው «ከተራራው ሥር ዘንዶ ያስጨነቃት መንደር አለች» ብሎ ይጀምራል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ በቃላቸው ይናገራሉ፤ የሚሳካ መሆኑን ደግሞ ዳይስ ይወስነዋል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ ነው። በልጅነቱ እቃ እቃ የተጫወተ አበሻ ነገሩን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ እናት፣ አባትና እንግዳ እየሆንን የተጫወትነው ይኸው ነበር። የተጨመረው የሕግ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ጀግኖቹን ሳይሆን መንደርተኞቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ውስጥ «ተራ ሰው» የሚል መግለጫ አለ። ጉልበቱ 10፣ ብልሃቱ 10፣ ጥበቡ 10፣ ሁሉም ነገሩ 10 ነው። መሣሪያው ዱላ ሲሆን የሕይወት ነጥቡ 4 ብቻ ነው፤ አንድ የሰይፍ ምት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በብዙ ተራኪዎች እጅ ይህ ሰው ከሦስት ሥራ በቀር የለውም፤ የእንግዳ ማረፊያውን በር ይከፍታል፣ «አድኑን» ይላል፣ ከዚያም ይሞታል።

የሚገርመው የዚያው ጨዋታ የዋጋ ሰንጠረዥ ከተራኪዎቹ ይልቅ ስለ ድሃ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ ደመወዙ በቀን 2 የብር ሳንቲም ነው። የድሃ ኑሮ የቀን ወጪም በዚያው መጽሐፍ 2 የብር ሳንቲም ተብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ሰውዬው የሠራውን ያንኑ ዕለት በልቶ ያድራል፤ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚተርፍ የለም። 8 የወርቅ ሳንቲም የምታወጣ በቅሎ ለመግዛት ሳይበላ 40 ቀን መሥራት አለበት። ጀግናው ቁስሉን ለማዳን በአንድ ትንፋሽ የሚጨልጠው መድኃኒት 50 ወርቅ ነው፤ ይህም የመንደርተኛው የ250 ቀን ላብ ነው። ጀግናው የለበሰው የብረት ጥሩር 1,500 ወርቅ ስለሆነ አንድ ቀን ሳያርፍ ሃያ ዓመት ቢሠራ እንኳ አይደርስበትም። እንዲህ ያለ ሰው ጥሩር የለበሰ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ደስ ይለዋልን? መጀመሪያ የሚሰማው ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም፤ ቀጥሎም ተስፋ፣ ምናልባትም ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ።

የዚያን ጊዜው የጨዋታው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1992 «አል ቃዲም» የተባለ፣ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን አየር የያዘ ዓለም አሳትሞ ነበር። ጂኒዎች፣ በራሪ ምንጣፎችና የባሕር ጉዞዎች ይገኙበታል። ከእነዚያ ተረቶች ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ በሲንድባድ ታሪክ ውስጥ ሲንድባዶች ሁለት ናቸው። አንዱ መርከበኛው ባለጸጋ፣ ሌላው ሸክም ተሸካሚው ነው። ሐማሉ ሲንድባድ ሸክሙን አውርዶ በሀብታሙ ደጅ ሲያርፍ ስለ ዕጣ ፈንታው ያማርራል፤ ተጠርቶም ይገባል፤ ጉዞዎቹን እያዳመጠ በየምሽቱ 100 ወርቅ ተቀብሎ ይወጣል። ተረቱ ተራውን ሰው አልረሳውም፤ ሆኖም አድማጭ አደረገው እንጂ የእርሱን ቀን አልተረከልንም።

የዚያን ሰው ቀን ለሚፈልግ ተራኪ ከኩዌት የተሻለ ምንጭ ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ አለን ቪሊየርስ የተባለ አውስትራሊያዊ መርከበኛ ከዓደን በአንድ የኩዌት ጀልባ ተሳፈረ። በሶማሊያ ዳርቻ፣ በላሙ፣ በሞምባሳና በዛንዚባር አልፎ እስከ ሩፊጂ ወንዝ ዴልታ ወረደ፤ ከዚያም ጀልባዋ ለኩዌት ቤቶች ጣሪያ የሚሆን ግንድ ጭና ተመለሰች። የጻፈውን መጽሐፍ «የሲንድባድ ልጆች» አለው። ስሙ ተረት ተረት ይሸታል፤ ይዘቱ ግን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕዳና በመርከቡ ወለል ላይ ተኮራምተው ስለሚያድሩ ሰዎች ነው።

የሉል ጠላቂዎቹ ኑሮ ከዚህም የከፋ ነበር። በሐሩሩ ወራት፣ አራት ወር ያህል፣ ባሕር ላይ ይቆያሉ። ጠላቂው፣ «ገይስ»፣ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ያፍናል፤ እግሩ ላይ በታሰረ ድንጋይ ይወርዳል፤ ገመዱን ከላይ የሚይዘው «ሰይብ» ይጎትተዋል። ሆድ ሞልቶ መጥለቅ ስለማይቻል ቀኑን በተምርና በቡና ያሳልፋሉ፤ ሩዝና ዓሣ የሚበላው ሲመሽ ነው። ከሽያጩ ወጪው ተቀንሶ ለጠላቂው ሦስት ድርሻ፣ ለሰይቡ ሁለት፣ ለረዳቱ «ረዲፍ» አንድ ይደርሰዋል። ሙያውን ሊማር የመጣው ልጅ፣ «ተባብ»፣ ምንም የለውም። ከነዚህ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በባርነት የመጡም ነበሩ፤ የእነርሱን ድርሻ የሚወስደው ጌታቸው ነበር።

የነገሩ ሥር ግን ባሕሩ አይደለም፤ ዕዳው ነው። ከጉዞው በፊት የመርከቡ አለቃ «ኖኸዛ» ለጠላቂው ቤተሰብ የሚሆን ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል። የዓመቱ ሉል ያንን ካልሸፈነ ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። ጠላቂው ሒሳቡን የሚያሳየው «በርዋ» የተባለው ወረቀት ካልተሰጠው ወደ ሌላ አለቃ መሄድ አይችልም። በባሕረ ሰላጤው ልማድ ሟች ዕዳውን ለልጁ ያወርስ ነበር። ኖኸዛውም ቢሆን የነጋዴ ባለዕዳ ነው። እንግዲህ ከጠላቂው እስከ ነጋዴው ድረስ ሰው ሁሉ በአንድ ገመድ ታስሮ ይታያል፤ ክፉ ንጉሥ ወይም ዘንዶ ሳያስፈልግ። እ.ኤ.አ. 1912 የኩዌት ሰዎች «የጥፋሕ ዓመት» ብለው የሚያስታውሱት የበረከት ዓመት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የጃፓን የእርባታ ሉልና የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ድቀት ገበያውን ሰበሩት።

ኻሊድ አል ሲዲቅ እ.ኤ.አ. በ1972 «በስ ያ በሕር» በተባለው ፊልሙ ይህን ሕይወት በጥቁርና ነጭ አሳይቷል። የመጀመሪያው የኩዌት የሙሉ ርዝመት ፊልም ነው። ወጣቱ ሙሳዒድ የሚወዳትን ለማግባት ሲል፣ አባቱን አካለ ጎደሎ ወዳደረገው ባሕር ይሄዳል። ፊልሙን ትልቅ ያደረገው ባሕሩ ሳይሆን በየብስ ያለው ነው፤ የሚጠብቁት ሴቶች፣ ልጅቷን በገንዘብ የሚወስዳት ሽማግሌ ነጋዴ፣ ማንም ሰው ብቻውን ክፉ ሆኖ አለመሣሉ። በእኔ ግምት ማንኛውም የምናብ ዓለም ተራኪ አንዲት መንደር ከመፍጠሩ በፊት ሊያየው ይገባል።

ከጨዋታዎቹም መካከል ይህን የተረዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው «ዋርሃመር» የምናብ ጨዋታ ተጫዋቹን ከመኳንንት ይልቅ አይጥ አዳኝ ሊያደርገው ይችላል፤ ትንሽ ነገር ግን ተናካሽ ውሻም ይሰጠዋል። ሰዎች እስከ ዛሬ ይህን ሙያ በፍቅር ያነሡታል፤ ምክንያቱም ውሻ፣ ወጥመድና የሚያውቀው የቆሻሻ ቱቦ ያለው ሰው አስቀድሞ ታሪክ አለው። ለተራኪ የሚያስፈልገው ረጅም የሕይወት ታሪክ መጻፍ አይደለም። መንደርተኛው የማን ባለዕዳ ነው? ከእጁ የሚበላው ማን ነው? በየትኛው ወር ይፈራል? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ተራኪ የሕይወት ነጥቡ አራት ቢሆንም ሰውዬውን አይገድለውም፤ ቢገድለው እንኳ ተጫዋቾቹ መበለቲቱ ፊት መቆም ይኖርባቸዋል።

ሐዘኔታ ብቻውን ግን ሌላ ወጥመድ ነው። ሁልጊዜ የሚያለቅስ ድሃ፣ ሁልጊዜ ከሚሞት ድሃ እምብዛም አይሻልም። በወጣትነቱ በባስራ ዓሣና ዳቦ ይሸጥ ነበር የሚባለው አል ጃሒዝ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስለ ስስታሞች በጻፈው መጽሐፍ ተራ ሰዎችን ቀልደኛ፣ ተከራካሪ፣ ብልጥና ግትር አድርጎ ሣላቸው። የሉል መርከብም ያለ «ነሃም» አይወጣም ነበር፤ የነሃሙ ሥራ መዝፈን ነው። በዚያ ሁሉ ዕዳ መካከል ለድምፅ ድርሻ የሚከፍሉ ሰዎች ነበሩ።

በዘመናችን ደግሞ ሳዑድ አል ሰንዑሲ «ሳቅ አል ባምቡ» በተባለው ልብ ወለዱ ከፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛና ከኩዌታዊ አባት የተወለደ ልጅን ተራኪ አድርጓል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉን የዓረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። ብዙዎቹ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ወይም እህቶቻቸው በቁርጡባ፣ በጃብሪያና በሳልሚያ ቤቶች ውስጥ ሻይ አቅርበው የሚወጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከማንም በላይ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ሻይ ያቀረበችው ሴት ከወጥ ቤት ስትመለስ ወሬው ለምን እንደተቋረጠ ታውቃለች፤ እንግዳው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ፣ ባለቤቲቱ ለምን እንዳልሳቀች ታውቃለች። የዘንዶው ዋሻ መንገድ የጠፋበት ጀግናም ቢሆን ቢጠይቅ የሚበጀው እርሷን ነው።