ድራማ ፊልም እንዴት ይሠራል? ከፊልም ክበባችን የተማርነው

በዚህ ዓመት የፊልም ክበባችን አባላት አንድ አጭር ፊልም ለመሥራት ተነሣን። ታሪኩ ቀላል ነበር። እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር የሄደችባት አንዲት ልጅ «ለፋሲካ ትመጣለች» ብላ ስትጠብቅ እናትየዋ ደውላ ዘንድሮም እንደማይመቻት ትነግራታለች። ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ትንሰቀሰቃለች፤ ካሜራው ወደ ፊቷ ይጠጋል፤ አሳዛኝ ሙዚቃ ይነሣል። ተመልካቹን ሁሉ የምናስለቅስ መስሎን ነበር። በክፍል ውስጥ ስናሳየው ግን ግማሹ ተማሪ ሳቀ።

ካልሳቁት መካከል አንዷ የራሷ እናት ዓረብ አገር ያለች የክፍላችን ልጅ ነበረች። «ይሄ ውሸት ነው» አለችን። «እኔ ስልክ ላይ አላለቅስም። ካለቀስኩ እማዬ ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች። ‹ደህና ነን፣ ገንዘቡ ደርሶናል› ነው የምላት።»

አፈርን። ፊልሙን እንደገና ለመሥራት ተስማማን፤ በመጀመሪያ ግን ጥሩ ድራማ ፊልሞች እንዴት እንደተሠሩ ለማየት ወሰንን። ከዚህ በታች ያለው በመምህራችን እየተመራን ያየነውና የተወያየንበት ነው።

ድራማ ፊልም ምንድን ነው?

አስቂኝ ፊልም በሳቁ፣ አስፈሪ ፊልም በፍርሃቱ፣ አክሽን ፊልም በድብድቡና በሩጫው ይታወቃል። ድራማ ፊልም የሚታወቀው በሰዎቹና በሚገጥማቸው ከባድ ጉዳይ ነው። ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኛ ያሉ ተራ ሰዎች ናቸው። ችግራቸውም ሥራ ማጣት፣ ሕመም፣ መለያየት፣ ድህነት ወይም የቤተሰብ አለመግባባት ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ልቦለድ የተማርናቸው መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭትና ጡዘት እዚህም አሉ።

የመጀመሪያው ልማድ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ነገር አጥብቆ መፈለጉ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሆነን ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሮም ከተማ ነው። አንቶኒዮ ለረጅም ጊዜ ሥራ ካጣ በኋላ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል። የእርሱ ብስክሌት በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ በመያዣ ሰጥታ ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ብስክሌቱን ፍለጋ ከተማውን ሲያስሱ እናያለን። ለሌላ ሰው ብስክሌት ተራ ዕቃ ነው። ስለ አንሶላዎቹ ካወቅን በኋላ ግን የቤተሰቡ እንጀራ መሆኑ ይገባናል።

ሁለተኛው ልማድ ግጭቱ ውጫዊ ብቻ አለመሆኑ ነው። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» በ2015 እ.ኤ.አ. በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየ ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለ ልጅ እናቱን በድርቁ ዘመን ካጣ በኋላ አባቱ ዘመዶቹ ጋር ትቶት ወደ ከተማ ይሄዳል። ልጁ የሚወዳት አንዲት በግ አለችው፤ አጎቱ ደግሞ በጓን ለመጪው በዓል ለማረድ ያስባል። ውጫዊው ግጭት በልጁና በአጎቱ መካከል ነው። ውስጣዊው ግጭት ግን ጥልቅ ነው፦ ልጁ የሚናፍቀው የቀድሞ ቤቱን ነው፤ ያቺ በግ ደግሞ ከዚያ ሕይወት የቀረችለት ናት። አጎቱም ክፉ ሰው ተደርጎ አልተሣለም፤ የብዙ ሰው ሆድ የመሙላት ጭንቀት ያለበት ገበሬ ነው። በጥሩ ድራማ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

ሦስተኛው ልማድ ገጸ ባሕርዩ ከባድ ምርጫ ላይ መድረሱ ነው። አንቶኒዮ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ራሱ ብስክሌት ለመስረቅ ይሞክራል፤ ልጁ ፊት ይያዛል። የብስክሌቱ ባለቤት ብሩኖን አይቶ ይተወዋል። አባትየው እንባው እየወረደ ሲሄድ ልጁ እጁን ይይዘዋል፤ ሁለቱም ሕዝቡ መካከል ይጠፋሉ። ብስክሌቱ አልተገኘም፤ ነገ ምን እንደሚበሉም አልተነገረንም። ብዙ ድራማ ፊልሞች እንዲህ ችግሩን ሳይፈቱ፣ ሰውየው እንዴት እንደተለወጠ አሳይተው ያበቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልን። አንቶኒዮ ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አብረነው ከተንከራተትን በኋላ ነው። የእኛ ልጅ ያለቀሰችው በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ማን እንደሆነች እንኳ ሳናውቅ ነበር።

ካሜራው፣ ድምፁና ቅንብሩ

ልማዱን ካወቅን በኋላ ወደ አሠራሩ ገባን። የመጀመሪያው የካሜራ ርቀት ነው። ከሩቅ የተቀረጸ ምስል ሰውየውን ከአካባቢው ጋር ያሳያል። በ«ላምብ» ውስጥ ትንሹ ልጅ ከበጉ ጋር በሰፊው ተራራ ሥር ሲሄድ ስናይ ብቸኝነቱን ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ክሎዝ አፕ ደግሞ ፊትን ብቻ አቅርቦ ያሳያል። ኃይለኛ ስለሆነ በቁጠባ ይሠራበታል፤ በየደቂቃው ከተጠቀምንበት ተመልካቹ ይለምደዋል። የካሜራው ከፍታም የራሱ ትርጉም አለው። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው በሚያይበት ከፍታ ገደማ በማስቀመጥ ይታወቃል። በ1953 እ.ኤ.አ. የሠራውን «የቶኪዮ ታሪክ» ስናይ ከቤተሰቡ ጋር አብረን የተቀመጥን ይመስለናል።

ሁለተኛው ንግግር ነው። ሰው በጣም ሲያዝን ብዙውን ጊዜ ስለ ኀዘኑ አያወራም። በዚሁ የኦዙ ፊልም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሚስቱ በሞተችበት ንጋት ውጭ ቆሞ ይገኛል። የሚናገረው ስለ ንጋቱ ውበትና ቀኑ ሞቃት እንደሚሆን ነው። ስለ ሚስቱ ቢናገር ኖሮ ይህን ያህል አይሰማንም ነበር። የክፍላችን ልጅ «ገንዘቡ ደርሶናል» ያለችውም ከዚህ ጋር አንድ ነው። በአፍ የሚነገረው ሌላ፣ በልብ ያለው ሌላ ነው።

ሦስተኛው ኤዲቲንግ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ስሜት የማይታይበት ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር አቀናጀ። ከፊቱ ቀጥሎ ሾርባ ሲታይ ተመልካቹ ሰውየው የተራበ መሰለው፤ የሬሳ ሣጥን ሲታይ ያዘነ መሰለው። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ከዚህ የተረዳነው ተዋናዩ ሁሉንም ነገር ፊቱ ላይ ማሳየት እንደሌለበት ነው፤ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። ኤዲቲንግ ጊዜንም ያቀላቅላል። ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. ባቀረበው «ጤዛ» ውስጥ ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው ምሁር አንበርብር ያለፈው ሕይወቱ እየተቆራረጠ ይመጣበታል። እኛም ታሪኩን እንደ እርሱ እየለቀምን እንገጣጥመዋለን። ፊልሙ በ2009 እ.ኤ.አ. በቡርኪና ፋሶው የፌስፓኮ ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል።

አራተኛው ድምፅ ነው። ማጀቢያ ሙዚቃ ተመልካቹ አስቀድሞ የተሰማውን ሲያግዝ ጥሩ ነው፤ «አሁን እዘን» ብሎ ሲያዝዘው ግን እንደኛ ፊልም ያስቃል። ዝምታ፣ የመንገድ ጫጫታ፣ የጎረቤት ሬዲዮ አንዳንዴ ከሙዚቃ ይበልጣሉ።

በመጨረሻም ድራማ ሁልጊዜ መጨለም የለበትም። ኬንያዊው ሊካሪዮን ዋይናይና በ2018 እ.ኤ.አ. በሠራው «ሱፓ ሞዶ» ውስጥ ጆ የተባለች ልጅ በማይድን በሽታ ታምማለች። ሕልሟ እንደ ፊልም ጀግና ልዩ ኃይል ማግኘት ነው። የመንደሩ ሰው በየቤቱ ከማልቀስ ይልቅ ኃይሉ እውነት እንዲመስላት ይተባበራል። ስንስቅ ቆይተን ኀዘኑ ሲመጣ ይበልጥ ይከብደናል።

ሁለተኛው ፊልማችን

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጽሑፋችንን እንደገና ጻፍን። አሁን ፊልሙ የሚጀምረው ልጅቷ ቤት ስታጸዳና ረከቦት ላይ ሲኒ ስትደረድር ነው። አንዱን ሲኒ ለብቻው ደጋግማ ታጥበዋለች። ስልኩ ይደወላል። ካሜራው በሩ አጠገብ ራቅ ብሎ ይቀራል። የእናትየዋ ድምፅ አይሰማም። ልጅቷ «እሺ እማዬ… አይ፣ ደህና ነን… ገንዘቡ ደርሶናል» ትላለች። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ያንን አንድ ሲኒ አንሥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ትመልሰዋለች። ሙዚቃ የለም። ክሎዝ አፕ አንድ ብቻ አለ፤ እርሱም የሲኒው ነው።

ቀረጻው በመምህራችን ስልክ፣ ብርሃኑ ከመስኮት ነበር፤ ወጪ አላወጣንም። ለሚቀጥለው ዓመት የክበቡ አባላት የምንመክረውም ይህንኑ ነው። ካሜራ ከመፈለጋችሁ በፊት ታሪኩ የሚመለከተውን ሰው ጠይቁ፤ ሲያዝን ምን እንደሚያደርግ፣ እጁ ምን እንደሚይዝ፣ ምን ብሎ እንደሚዋሽ እርሱ ያውቃል። ከዚያ ገጸ ባሕርያችሁ ምን እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሙዚቃውን መጨረሻ ላይ አስቡበት፤ ምናልባት አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛውን ፊልም ስናሳይ የሳቀ አልነበረም። ያቺ የክፍላችን ልጅ ሲያልቅ ምንም አላለችም። በማግሥቱ መጥታ ፊልሙን ስልኳ ላይ እንድንጭንላት ጠየቀችን። እናቷ ካየችው «ደህና ነን» የሚለው ቃል እንደ ቀድሞው እንደማይሆን እሷም እኛም እናውቅ ነበር። ጫንንላት። ትላከው አትላከው እስካሁን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።