ዳቦ በልተው ሲሮጡ ስለሚታመሙ ሰዎች

አንድ ጤናማ ወጣት አለ እንበል። ጧት ጧት ዳቦ በሻይ ይበላል፤ አንዳች አይሰማውም። በሌላም ቀን በባዶ ሆዱ ይሮጣል፤ አሁንም ደኅና ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ዳቦውን በልቶ ጥቂት ቈይቶ ሲሮጥ ገላው ያሳክከዋል፤ ቆዳው ሳማ እንደ ለበለበው ያብጣል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ራሱንም ስቶ ይወድቃል። ቤተ ሰቡም ልቡ ነው እያለ ሲጨነቅ ነገሩን ከቁርሱ ጋራ የሚያያይዘው አይገኝም፤ ትናንት በልቶት ምንም አላደረገውምና።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1979 ዓመት፣ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ በልቶ ሲሮጥ የታመመ ሰው ታሪክ በሕክምና መጽሔት ተጽፎ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር ከታወቁት ጠንቆች አንደኛው ስንዴ ነው፤ ይኸውም ኦሜጋ 5 ግሊያዲን በሚባለው ፕሮቲኑ ምክንያት ነው። አስፕሪንና መጠጥም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ።

ሐኪም አስቀድሞ የሚመረምረው በጥያቄ ነው። ስለዚህ የቤት እመቤት ሆይ፣ የተበላውን፣ ሰዓቱን፣ ሩጫው የተጀመረበትን ጊዜ፣ የተዋጠውን መድኃኒት ሁሉ በደብተር ይጻፉ፤ ይህ ደብተር ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ቆዳን በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ፣ ደምንም መመርመር ይከተላል። ሆኖም ምርመራው ምልክት ስላሳየ ብቻ ሰውዬው ታሟል አይባልም፤ ምልክት እየታየባቸው ያለ ችግር የሚበሉ ብዙዎች ናቸውና። እንደዚሁም የተለመደው የስንዴ ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የግሊያዲኑ ምርመራ በሽታውን ሊገልጠው ይችላል። አንዳንድ ጊዜም በሐኪም ቤት፣ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ፣ በሽተኛው በልቶ እንዲሮጥ ይደረጋል። በዚያ ቀን ሕመሙ ባይነሣ እንኳ የለም ማለት አይደለም። በቤት ግን ይህን መሞከር ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

በሽታው የተረጋገጠበት ሰው ከመሮጡ በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት ስንዴ አይቀምስም፤ ብቻውንም አይሮጥም። ሕመሙ ከተነሣ ሩጫውን ወዲያው አቁሞ፣ አድሬናሊን በጭኑ ውጫዊ ጎን ይወጋል፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት እስኪወሰድ ድረስ ይጋደማል እንጂ ተነሥቶ አይቆምም። ጤፍ ይህ ፕሮቲን የለበትም፤ ነገር ግን ከገበያ የተገዛ እንጀራ ስንዴ ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ ጋጋሪዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።