ከአባይ ማዶ ያለ ቀዶ ሕክምና

በጎጃም፣ በስናን ወይም በቢቡኝ ደጋ አንድ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ቁጢጥ ይላል። ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፤ ትንፋሹ ሲመለስለት ይነሣል። ጓደኞቹ ሰነፍ ይሉታል። ቤተሰቡ ብርድ መትቶት ይሆናል፣ አለዚያም ቡዳ ነው ብሎ ጸበል ይወስደዋል። ልጁ ግን ማንም ሳያስተምረው ራሱን እያገዘ ነው፤ ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይጨመቁና ደሙ ወደ ሳንባው እንዲያልፍ ይገፋል። ሐኪሞች ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ለሚሉት፣ አብሮ ለሚወለድ የልብ ሕመም ይህ የታወቀ ምልክት ነው።

በዓለም ዙሪያ ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ አፈጣጠር ችግር ይዞ ይወለዳል። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስለሚወለዱ በዚሁ ስሌት 30 ሺህ ያህሉ እንዲህ ናቸው ማለት ነው። ሁሉም ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋቸውም፤ ትንንሽ የልብ ክፍተቶች በራሳቸው የሚገጥሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደገኛ መሆን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፅንስ በማሕፀን ሳለ በሳንባው ስለማይተነፍስ ደሙ ሳንባውን ዘልሎ የሚያልፍባት አጭር ቧንቧ አለችው። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ኦክስጅን ይጨምራል፤ ቧንቧዋም በቀናት ውስጥ ትዘጋለች። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ግን መዘጋቷ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ክፍት ሆና ትቀራለች። በፔሩና በቲቤት ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች ችግሩ ከቆላው ይልቅ በደጋ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። ይህችን ቧንቧ ሮበርት ግሮስ የተባለ ሐኪም ቦስተን ውስጥ በቀዶ ሕክምና የዘጋት በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በብዙ ሕፃናት ላይ ደረት ሳይከፈት፣ በጭን ደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ትዘጋለች።

ታዲያ ሰማንያ ዓመት ባለፈው ሕክምና ልጆቻችን ለምን ይሞታሉ? መልሱ መዘግየት ነው። በልብ ክፍተት በኩል ከልክ በላይ የሚጎርፈው ደም የሳንባን ደም ሥሮች ዓመት ከዓመት ያደነድናል። አንዴ ከደነደኑ በኋላ ክፍተቱን መድፈን ልጁን ይጎዳዋል እንጂ አያድነውም። በሕፃንነቱ ቢታከም ሙሉ ጤና ያገኝ የነበረ ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሲመጣ ሐኪሙ «አሁን ቀዶ ሕክምና አይቻልም» ለማለት ይገደዳል።

ሕክምናው በአገር ውስጥ እንዲሰጥ የደከሙ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን መሥርተው፣ ከብዙ ዓመት ልመናና መዋጮ በኋላ አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ በፊት ዋናው ተስፋ ወደ ውጭ መላክ ነበር። እስራኤል የሚገኘው «የሕፃን ልብ አድን» ድርጅት ሥራውን የጀመረው ከኢትዮጵያ በሄዱ ልጆች ሲሆን፣ ኋላም ዶክተር ያየህይራድ መኮንንን በሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና አሠልጥኖ ወደ አገራቸው መልሷል። ይሁንና ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ።

ስለ ወረፋው ብዙ ተብሏል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ወረፋው ውስጥ እንኳ ያልገባው ልጅ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፣ የማደሪያ አለ፣ የአስታማሚ ወጪ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮ እንዲያው ይቀራል። ቀዶ ሕክምና ለመስጠት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚመጣ የውጭ ሐኪሞች ቡድን መንገዱ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ስለዚህ የታመሙትን ልጆች የመለየቱ ሥራ ደብረ ማርቆስ ላይ መጀመር አለበት። በማዋለጃ ክፍል የሕፃኑን ቀኝ እጅና እግር ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ውድ አይደለም። በእርግጥ በደጋ ጤነኛ ሕፃንም ከቆላው ያነሰ ልኬት ስለሚኖረው ለከፍታው የሚስማማ መለኪያ መውጣት ይኖርበታል። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም የሕፃናትን ልብ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) አይቶ የሚለይ ባለሙያ በቋሚነት ሊኖር ይገባል። ባለሙያው ከኢኮው ይቀድማል፤ የሚያነበው የሌለው ማሽን ማንንም አያድንም።

በዚያው ጉሮሮም አይረሳ። ልባቸውን ከሚታመሙ የትምህርት ቤት ልጆች የብዙዎቹ ሕመም አብሮ የተወለደ ሳይሆን በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚከተለው የሩማቲክ ሕመም ነው። በጎጃም ገጠር ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥሉን ይቆረጣል። መቁረጡ ልብን አያድንም፣ ደም መፍሰስና ሌላ መመረዝ ያመጣል፤ የሚያድነው በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ነው።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ጠብቶ ሳይጨርስ የሚደክመው፣ ክብደት አልጨምር ያለው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ጸበሉም ይቅር አልልም፤ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና «ልቡን አዳምጡልኝ» በሉ። የክልሉ ጤና ቢሮም እነዚህ እናቶች ሲመጡ የሚያዳምጥ ሰውና የሚለካ መሣሪያ እንዲያገኙ ያድርግ።