እንጀራ ሲጋገር የሚጠፋው ዋይፋይ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። ግቢው የተለመደ የሐዋሳ ግቢ ነው፤ ከፊት የአከራያችን ዋና ቤት፣ ከኋላ በረድፍ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ መሐል ላይ አንድ የአቮካዶ ዛፍ። መስመሩ የገባው በአከራያችን ስም ነው፤ ወርኃዊ ክፍያውን አምስት ተከራዮች እንካፈላለን። ሁለቱ ቀናት ለምን እንደተመረጡ ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ «ጥገና ላይ ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ቀን እየጠበቁ ይቆርጡብናል»። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ጎረቤቴ ደግሞ ላፕቶፔ ቫይረስ ገብቶበታል ብሎ ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጓል። ለደንበኞች አገልግሎት ደውለን ሰው እስኪያነሣ ኢንተርኔቱ ይመለሳል። «አሁን እየሠራ ነው» ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው።

ነገሩን የፈታችው እንጀራ የምትጋግረው ልጅ ናት። «ምጣዱን ስሰካው እኮ ያቺ ሳሎን ያለችው መብራት ጥፍት ብላ መልሳ ትበራለች» አለች። ሞደሙን ማለቷ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ከቆጣሪው የሚነሣው ሽቦ ቀጭን ከሆነ፣ መቀጠያዎቹም በፕላስተር ብቻ የተጠቀለሉ ከሆኑ፣ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል። ደህና የሞደም ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ይህን ይችለዋል። የእኛ ዋናው ቻርጀር ግን ተቃጥሎ በገበያ ዕቃ ተተክቶ ነበር። ሞደሙ የሚፈልገው 12 ቮልትና 1 አምፔር፤ የተገዛው ቻርጀር ላይ የተጻፈው 12 ቮልትና ግማሽ አምፔር። ሶኬቱ ገጥሟል፣ ቮልቱም ገጥሟል፣ አቅሙ አልገጠመም። ልጅቷ ጋግራ እስክትጨርስ ሞደሙ ሲወድቅ ሲነሣ ያረፍዳል። ትክክለኛው ቻርጀር ተገዝቶ ሞደሙ ከኩሽናው መስመር ወደ ሌላ ሶኬት ሲዛወር ረቡዕም ቅዳሜም እንደ ሌላው ቀን ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ዋይፋዬ አልሠራ አለ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምጣዱ የት እንደሚሰካ ነው። ይሥቁብኛል።

የቤት ኢንተርኔት ብልሽት በከተማችን ባለቤት የሌለው ብልሽት ነው። የቴሌኮም ሠራተኛ መጥቶ መስመሩን ይለካና «እስከ ሞደሙ ድረስ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ፒያሳ ያለው ጠጋኝ የሚያየው በባጃጅ ተጭኖ የመጣለትን ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ሲሞክረው ይሠራል፤ ስለዚህ «ጥፋቱ የቴሌ ነው» ይላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦ እንጂ ዋይፋይ አያውቅም። ሦስቱም በየድርሻቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሞደሙና ኮምፒውተሩ መካከል ያለው ቤት፣ ማለትም ግድግዳው፣ ዲቫይደሩ፣ ከጎረቤት የተሳበው ኬብል፣ ማንም የማይመረምረው ቦታ ሆኖ ቀርቷል። የደከመው ባለቤትም አዲስ ዕቃ ይገዛል።

ስልክ ኢትዮጵያ ከገባ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለአብዛኛው ዘመን ምርመራው ቀላል ነበር፤ እጀታውን ታነሣለህ፣ ድምፅ አለው ወይም የለውም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ኋላም በዚያው የመዳብ ሽቦ ላይ ብሮድባንድ ሲመጣ፣ ያ ምርመራ ፋይዳውን አላጣም ነበር። በ046 የሚጀምር የቤት ስልክ ያላቸው ሰዎች ይህን ያውቁታል። ዝናብ በዘነበ ማግስት እጀታውን አንሥተው ሹሹታ ከሰሙ፣ ከምሰሶው ላይ ያለው መቀጠያ ውኃ ገብቶታል ማለት ነው፤ ላፕቶፕ መነካካት አያስፈልግም። መዳብ ርቀትም አይወድም። ከጣቢያው አራትና አምስት ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት የቱንም ያህል ውድ ሞደም ቢገዛ ፍጥነቱ አይመጣለትም።

አሁን ብዙው መስመር ወደ ፋይበር እየተቀየረ ነው። በፋይበር የሚሄደው ብርሃን ስለሆነ እርጥበት ብዙም አይጎዳውም፤ መታጠፍን ግን አይችልም። ፋይበሩን በበር ስንጥቅ አሳልፎ በሩን የሚዘጋበት ቤት አይቻለሁ። ፋይበሩ የሚገባበት ሣጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ከሣጥኑ ወዲያ ነው፣ የሚደወለውም ለድርጅቱ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔት ከሌለ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እዚህ ላይ ነው መርፌ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት የሚያስፈራው። ከሞደሙ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ተጭኖ «ሪሴት» ያደርጋታል፤ ከዋይፋዩ ፓስዎርድ ጋር ድርጅቱ በመስመሩ ላይ ያስገባው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም አብሮ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ አጥፍቶ ማብራት ይበቃው የነበረ ሞደም፣ አሁን ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል።

የጋራ ግቢ የራሱ በሽታ አለው። ዋናው ቤት ያለው ዋይፋይ የኋላ ክፍሎች አይደርስም፤ ብሎኬት ያዳክመዋል፣ የቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር ደግሞ እንደ መስታወት መልሰው ይወረውሩታል። መፍትሔው ከመሳቢያ የተገኘ አሮጌ የመዳብ መስመር ሞደም ነው። ለፋይበር አይሆንም ተብሎ የተጣለ ቢሆንም በኬብል ተገናኝቶ ዋይፋይ ማሰራጨት ይችላል፤ ይህ ጥሩ ብልሃት ነው። ችግሩ ሁለቱም ሣጥኖች «አለቃ ነኝ» ማለታቸው ነው። ሁለቱም አድራሻቸው 192.168.1.1 ይሆናል፤ ሁለቱም ለሚመጣው ስልክና ላፕቶፕ ቁጥር ማደል ይጀምራሉ። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ተሳፋሪ ትኬት እንደተቆረጠላቸው ነው። ከአለቃው የሰማ ስልክ ይሠራል፣ ከሐሰተኛው አለቃ የሰማው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ ነገ ተራው ይለዋወጣል። የአሮጌውን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ቀይሮ ቁጥር ማደሉን ማጥፋት፣ ከዚያም ኬብሉን ከጀርባው ካሉት ተራ ቀዳዳዎች በአንዱ መሰካት ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ግቢዎች ግን ወራት ተጣልተውበታል። «አንተ ነህ ፊልም እያወረድክ የምትጨርሰው!» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክልን ዕቃ ሌላ ምዕራፍ ነው። ዘመድ ይባረክ፤ ግን አሜሪካ 120 ቮልት እኛ 220 ነን። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላል። አንዳንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው፤ 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ በአንድ ጧ ድምፅ ያልቃል። በቴሌቪዥን ኬብል የሚሠራ የአሜሪካ ሞደም ደግሞ እዚህ ቢበራም የሚገናኝበት መስመር የለም፤ ለጌጥ ይቀመጣል። ከሁሉ የሚረቀው የዋይፋይ ቻናል ጉዳይ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻናሎች ነው፤ እዚህ ያለው ራውተር በራሱ ጊዜ 12 ወይም 13 ላይ ቢያርፍ የእኅትህ ስልክ የቤቱን ዋይፋይ ሲያሳይ፣ ከአሜሪካ የመጣው ላፕቶፕ ጭራሽ አያየውም። ራውተሩን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማሰር ብቻ ይበቃል። ስንቱ ላፕቶፕ በዚህ ምክንያት «ዋይፋዩ ተበላሽቷል» ተብሎ እንደተሸጠ እንጃ። በተገላቢጦሹ አዲሱ ራውተር በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ሲለቅ አሮጌ ላፕቶፕ አያየውም፤ እሱም ያልተበላሸ ብልሽት ነው።

ወደ ፎርማት ልመለስ። ፎርማት በእኛ አገር የኮምፒውተር ጠበል ሆኗል። ኮምፒውተር ቀርፋፋ ነው፣ ፎርማት። ፕሪንተር አይታዘዝም፣ ፎርማት። የእኛ ግቢ ተማሪ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፤ በሁለተኛው ፎርማት የላፕቶፑ ዋይፋይ ከነጭራሹ ጠፋ። ጠጋኙ ዊንዶውስ ሲጭን የዋይፋይ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር አልተጫነም። ድራይቨሩ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ኢንተርኔት የሚገኘው በድራይቨሩ ነው። ልጁ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይገዛ» ተብሎ ነበር። ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የስልኩን ዳታ በገመድ ማጋራት ሲከፍት ላፕቶፑ ኢንተርኔት አገኘና ድራይቨሩን ራሱ አወረደ። አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ የፎርማቱ ክፍያ ግን አልተመለሰም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ረቂቅ እንዲሁ።

ይህ የዕቃ አለመገጣጠም ጉዳይ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ከበድ ብሏል። በዚያ ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በከተማችን ሱቆች «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የሚደረደሩትን ላፕቶፖች ዞር ብላችሁ እዩ፤ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ ጀነሬሽን እየተባለ በኩራት ይጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ስላለፈ አዲስ ላፕቶፕ ከብዙው ደመወዝተኛ እጅ ራቀ። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» ቢልም በጓሮ በር ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ዝመና ሲመጣ ላይቀበል ይችላል። ለጽሑፍና ለትምህርት ብቻ የሚፈልገው ሰው በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ቢጭንበት ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ጠጋኞቻችን ግን ብዙም አይወዱትም፣ ምክንያቱን ለራሳቸው ልተው።

ከመንካት በፊት ጎረቤት መጠየቅም ምርመራ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሞደሙን ቢገለባብጥ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ዛሬ ከዚያ የተሻለ መንገድ አለ። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ድርጅት አለን፤ የአንዱ መስመር ሲጠፋ በሌላው ሲም ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፑን መሞከር ይቻላል። በሆትስፖቱ ከሠራ ላፕቶፑ ነፃ ወጣ። መብራት ከጠፋ ግን ይህም አያስተማምንም፤ ማማዎቹም ባትሪ አላቸው እንጂ ዘላለማዊ አይደሉም። በነገራችን ላይ ዕቃ በብዛት የሚቃጠለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ነቅሎ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን የመዳቡን የስልክ ሽቦም መንቀል ከስታቢላይዘር ይረክሳል።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አገር ውስጥ የሚገቡ የቴሌኮም መሣሪያዎችን ዓይነት የማጽደቅ ሥልጣን አለው፤ የተጠቃሚውንም መብት ይጠብቃል። ባለሥልጣኑንም ሁለቱንም ድርጅቶች የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። መስመር የሚያስገባ ሠራተኛ ከቤት ሲወጣ አንዲት ወረቀት ይተው፤ የተጠቃሚ ስሙ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ለሞደሙ የሚሆነው ቻርጀር ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሆነ፣ የድርጅቱ ኃላፊነት የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚያበቃ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ። እስከዚያ ድረስ አንባቢ ሆይ፣ ሞደምዎን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍና የቻርጀሩን ምልክት ዛሬውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።