«በወር 599 ዶላር ብቻ»፦ የቅንጡ መኪና ሊዝ ሂሳብ ሲመረመር

ሊዝ ሲባል አዲስ አበባ ላለ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው መሬት ነው። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ቃሉ የሚያስታውሰው መኪና ነው። አዲስ መርሰዲስ፣ ቢኤምደብሊው ወይም ሌክሰስ ይዘው ከምናያቸው ሰዎች በርካቶቹ መኪናውን አልገዙትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ36 ወር ተከራይተውት ነው።

ሙያዬ ሂሳብ በመሆኑ ዘመድ ወዳጅ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ያሳየኛል። በቅርቡ አንድ ወጣት ዘመዴ የመኪና ሻጭ ማስታወቂያ ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ በወር 599 ዶላር ብቻ እኮ ነው! ለአሮጌዋ መኪናዬ ጥገና ከማወጣው ብዙም አይበልጥም» አለኝ። በማስታወቂያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሁለት ነገሮች ሰፍረዋል። ሲፈርሙ 6,000 ዶላር ይከፈላል፤ በዓመት ከ10,000 ማይል በላይ መንዳት ደግሞ ተጨማሪ ያስከፍላል። ከዚህ በታች የማቀርበው ስሌት በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የተመሠረተ ሲሆን ቁጥሮቹን ለአንባቢ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ወርሃዊው ክፍያ ከየት ይመጣል? መኪናው ላይ የተለጠፈው ዋጋ 60,000 ዶላር ነው እንበል። አከራዩ ባንክ ከሦስት ዓመት በኋላ መኪናው የዚህን 60 በመቶ፣ ማለትም 36,000 ዶላር ያወጣል ብሎ ይገምታል። ይህ ሪዚጁዋል ወይም ቀሪ ዋጋ ይባላል። እርስዎ ተከራክረው ዋጋውን ወደ 55,800 ቢያወርዱት በሦስት ዓመት ውስጥ «የሚበሉት» የሁለቱን ልዩነት 19,800 ዶላር ነው፤ በወር 550 ማለት ነው። በዚህ ላይ ወለድ አለ። በሊዝ ቋንቋ መኒ ፋክተር ይሉታል፤ 0.0020 ተብሎ ሲጻፍ ከምንም የማይቆጠር ይመስላል። በ2,400 ሲያባዙት ግን 4.8 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ሆኖ ይወጣል። የሚታሰበውም በልዩነቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ዋጋና በቀሪ ዋጋው ድምር ላይ ነው፤ 91,800 ሲባዛ በ0.0020፣ በወር 183 ዶላር ከ60 ሳንቲም። ሁለቱ ሲደመሩ 733 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናሉ። ታክስ ገና አልተነካም።

ታዲያ 599 እንዴት ተገኘ? በ6,000ው ዶላር ነው። የመጀመሪያው ወር ክፍያና ባንኩ ውል ለመክፈት የሚጠይቀው ብዙ መቶ ዶላር ከዚያው ላይ ይነሳል፤ የተረፈው የመኪናውን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ይውላል። 6,000ውን ከቀሪዎቹ 35 ክፍያዎች ጋር ደምረው ለ36 ሲያካፍሉት 749 ዶላር ይመጣል። ማስታወቂያው አልዋሸም፤ ያሳየን ግን የሂሳቡን ግማሽ ገጽ ነው።

ቅድመ ክፍያውን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። መኪናው በሁለተኛው ወር ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለባለንብረቱ ለባንኩ ነው። ጋፕ የሚባለው ሽፋን ኢንሹራንሱ በከፈለውና ለባንኩ በሚቀረው ዕዳ መካከል ያለውን ጉድለት ይሞላል እንጂ፣ እርስዎ ዋጋ ለማውረድ አስቀድመው የከፈሉትን ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ በሊዝ ላይ ትልቅ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ። ወርሃዊው ክፍያ ያለ ቅድመ ክፍያ ከከበደ መኪናው ከብዷል ማለት ነው።

ወደ ታክስ እንለፍ። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ታክሱ የሚታሰበው በየወሩ በሚከፈለው ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ግን በመኪናው ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ታስከፍላለች፤ በምሳሌያችን 3,627 ዶላር ይሆናል። የሦስት ዓመት ተከራይ የባለቤትን ታክስ ይከፍላል ማለት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በቨርጂኒያ መጠኑ 4.15 በመቶ ቢሆንም ካውንቲዎችና ከተሞች በየዓመቱ በመኪና ላይ የንብረት ግብር ይጥላሉ። ባለንብረቱ ባንኩ ቢሆንም ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ሂሳቡን ወደ ተከራዩ ያዞረዋል። አዲስና ውድ መኪና ሲሆን ደግሞ ግብሩ ቀላል አይደለም።

ኢንሹራንስም አለ። የሜሪላንድ ሕግ ለአካል ጉዳት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ሰው 30,000፣ ለአንድ አደጋ 60,000 ዶላር ነው። ብዙ አከራዮች ግን 100,000 እና 300,000 ይላሉ፤ የራስን መኪና ጉዳት የሚሸፍነውም ግዴታ ነው። ሳይፈርሙ የመኪናውን ዓይነት ለኢንሹራንስ ድርጅትዎ ነግረው ዋጋ ይጠይቁ።

ማይሉን ደግሞ ሰው ሁሉ አሳንሶ ይገምታል። ከጀርመንታውን ወይም ከዉድብሪጅ ዋሽንግተን የሚመላለስ ሰው 10,000 ማይል አይበቃውም። 13,000 ቢነዳ በሦስት ዓመት 9,000 ትርፍ ማይል ይሆናል፤ በማይል 25 ሳንቲም ሲታሰብ 2,250 ዶላር ነው። ተጨማሪ ማይል መጀመሪያውኑ በውሉ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ትርፍ ሰዓታቸውን በኡበር ሊሠሩበት ያሰቡ ደግሞ ውሉን ያንብቡ፤ ብዙ የሊዝ ውሎች ለንግድ ሥራ መጠቀምን ይከለክላሉ።

መኪናው ሲመለስ የመመለሻ ክፍያ፣ 450 ዶላር እንበል፣ ይጠየቃል። ያለቀ ጎማና የተፋፋቀ ቸርኬ ለብቻው ይታሰባል። በሜሪላንድ ታክስ ሁሉንም ስንደምር፣ ኢንሹራንሱን ሳንጨምር፣ 33,292 ዶላር፤ በወር 925 ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የፌዴራል የሊዝ ሕግ አከራዩ ሲፈረም የሚከፈለውን፣ የክፍያዎቹን ድምርና ጠቅላላ የኪራይ ወለዱን በዶላር እንዲጽፍ ያስገድደዋል። መኒ ፋክተሩን እንዲገልጽ ግን አያስገድደውም፤ ሻጩም ከባንኩ መነሻ በላይ ሊጨምርበት ይችላል። መላው ቀላል ነው። የወለዱን ድምር ለወራቱ ብዛት ያካፍሉ፤ የተገኘውን ደግሞ ቅድመ ክፍያ ከተቀነሰለት ዋጋና ከቀሪ ዋጋው ድምር ጋር ያካፍሉት። መኒ ፋክተሩ በእጅዎ ገባ።

ሊዝ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። መኪናው ከተገመተው በላይ ዋጋ ቢያጣ ኪሳራው የባንኩ ነው፤ ዋጋቸው ቶሎ ለሚወርድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ሲንር፣ በውሉ በተጻፈው ቀሪ ዋጋ መኪናቸውን ገዝተው ያተረፉ ተከራዮች ነበሩ። በኤሌክትሪክ መኪና ሊዝ ላይ ይገኝ የነበረው የ7,500 ዶላር የፌዴራል ድጋፍ ግን እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ከዚያ በፊት የተዋዋለ ጓደኛዎ የሚነግርዎትን ዋጋ ዛሬ እንዳይጠብቁ።